አማቴ የተከተሉኝ ቀን

ባለፈው ቅዳሜ ባሕር ዳር ገበያ ቲማቲም ልመርጥ ጎንበስ ስል ሻጪዋ ቀና ብላ አየችኝና ሚዛኑን አስቀመጠች። የልጄ ሚስት የነበረችው ትዕግሥት ናት። ከቤታችን ከወጣች ሁለተኛ ክረምቷ ነው። ከስታለች፣ ፀሐይም አጥቁሯታል። ሰላምታ አልተለዋወጥንም። እኔ ቲማቲሙን አገላብጣለሁ፣ እሷ እጄን ታያለች። ከዚያ ድምጿን ሳታነሣ፣ «እማማ፣ መንገዱን እርስዎ ያውቁት ነበር፣ አይደል?» አለችኝ። ምን እንደ መለስሁላት ኋላ እናገራለሁ። መጀመሪያ ግን ስለ መንገዱ ልንገራችሁ። እስከ ዛሬ ለማንም ተንፍሼው አላውቅም።

የፎገራን ሜዳ አልወድም። ዘፋኙ ሁሉ የጣናን ዳር ሲያሞግስ እሰማለሁ፤ ወጣቶቹም ሐይቁ ዳር ቆመው ስልካቸውን ወደ ፊታቸው አንሥተው ፎቶ ሲነሡ አያለሁ። ይነሡ። ጫማን ሳያጨቀዩ፣ አስፋልት ላይ ቆሞ ውሃ መውደድ ማንን ገደለ። ሜዳው ውስጥ የኖረ ሰው ግን ሌላ ነገር ያውቃል። ዓይን የሚያርፍበት ጉብታ የለም። ጧት ያየኸው ዋርካ እኩለ ቀን ላይም ያው ነው፤ አይቀርብም፣ አይርቅም። አፈሩ ዋልካ ነው፤ በበጋ ተሰነጣጥቆ የላም እግር ይሰብራል፣ በክረምት ደግሞ ሰውን እስከ ጉልበቱ ይውጣል። ሐምሌ ላይ ውሃው ይመጣና መንገዱን ይወስዳል። ጥቅምት ላይ ሲሸሽ መንገዱን እዚያው አይመልሰውም፤ የዛሬ ዓመት የረገጥኸው ደረቅ መሬት ዘንድሮ ረግረግ ሆኖ ይጠብቅሃል፣ ከላዩ ግን ቄጠማ አብቅሎ ያምራል። እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውሃ የሚባለው የእኛን አገር ውሃ ያየ ሰው የተናገረው ይመስለኛል። አሁን ሜዳው ሩዝ በሩዝ ሆኗል አሉ፤ ያኔ ጓያና ኑግ ነበር፣ የቀረው ደንገልና ትንኝ።

እኔ የሜዳ ልጅ አይደለሁም። የሐሙሲት ልጅ ነኝ፣ የመኪና መንገድ ዳር። አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። የስፌት መኪናው ከበረንዳው ላይ ነበረች፤ ከጎንደር የሚመጣው አውቶቡስ ሲቆም አቧራው ከሚሰፋው ልብስ ላይ ያርፋል፣ አባቴም በአፉ እፍ እያለ ይሰፋል። ከኛ ቤት ቀጥሎ ሻይ ቤት ነበር። ሻይ አሥር ሳንቲም፣ ከፓስቲ ጋር ሃያ። ባለ ሻይ ቤቱ አንድ ሬዲዮ ነበረው፣ በጥልፍ ጨርቅ ሸፍኖ ከመደርደሪያው ጫፍ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ዘፈን ሲመጣ ብቻ ነው የሚገልጠው። እኛ ሴቶች ልጆች ከበረንዳው ጀርባ ሆነን ግጥሙን እንቀዳለን፣ ያልሰማነውን ደግሞ ራሳችን እንሞላዋለን። ሰማያዊ የቴትሮን ቀሚስ ነበረችኝ፣ አባቴ ከደንበኛ ትርፍራፊ የሰፋልኝ፣ ወገቧ ላይ ሽብሽብ ያላት። ሁለት ብር ከሃምሳ የተገዛች ኮንጎ ጫማም ነበረችኝ። ዛሬ በሁለት ብር ከሃምሳ የጫማ ማሰሪያ አይገኝም። ያችን ቀሚስ ለብሼ፣ ያችን ጫማ አድርጌ ሐሙስ ገበያ ስወጣ እኔን የሚያህል ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር።

ሃያ ዓመቴ ላይ ዳሩኝ። የባሌ አገር ከጉማራ ወንዝ ማዶ፣ ሐይቁ አጠገብ ነው። አባቴ ለምን እዚያ እንደ ሰጠኝ ዛሬም አላውቅም፤ ከብት ብዙ ነው ብለውት ይሆናል። ሊሸኙኝ ሲሰናዱ ወደ ጓዳ ጠራኝና፣ «አንጓች፣ ስሚኝ» አለኝ። «ባልሽ ቢበድልሽ ሽማግሌ አለ። ኮብልለሽ ከመጣሽ ግን ደጄን እንዳታንኳኪ። ከኋላሽ ሁለት እኅቶች አሉሽ።» የዛሬ ልጆች ይህ ነገር ላይገባቸው ይችላል። ያን ጊዜ ከባሏ ቤት ብቻዋን የወጣች ሴት ኮብላይ ናት። አባቷ በመጣችበት እግሯ ይመልሳታል። ካልመለሳት የታናናሾቿን እጅ የሚጠይቅ አይመጣም፣ የኮብላይ እኅቶች ናቸው ይባላል። አባቴ ክፉ ሰው ሆኖ አልነበረም እንዲያ ያለኝ፤ ሕጉ ነው።

አማቴን ይመኙሻል ይሏቸዋል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ቀኝ እግራቸውን የሚጎትቱ ሴት ነበሩ። ጉልበታቸውን አንድ ክረምት ላም ረግጣባቸው ከዚያ ወዲህ አልዳነም። ባላቸው ከሞተ ቆይቷል። ቃል የሚወጣቸው እየተቆጠረ ነበር። እኔን ከገባሁበት ቀን ጀምሮ አልወደዱኝም፤ እኔም አልወደድኋቸው። «የመኪና መንገድ ልጅ» ነበር የሚሉኝ። እንጨቱ እርጥብ ሆኖ እሳቱ እምቢ ሲለኝ፣ «የመኪና መንገድ ልጅ፣ እሳት በአፍ ነው እንጂ በዓይን አይነድም» ይሉኛል። ወባ ይዞኝ ስንቀጠቀጥ ደግሞ፣ «ይለቅሻል፣ እኛንም ለቆናል» ብለው ወደ ከብታቸው ይሄዳሉ። ሁለት ክረምት እንዲህ ሆኜ ከረምሁ። ቀሚሴንና ጫማዬን ከአልጋው ሥር በጨርቅ ጠቅልዬ አስቀምጬ ነበር፤ አልፎ አልፎ እያወጣሁ አያቸዋለሁ፣ እመልሳቸዋለሁ።

በሁለተኛው ዓመት ጥቅምት ላይ፣ እኔ የምጠብቀው ጥጃ ረግረግ ገብቶ ቀረ። ደንገል ሊበላ ገብቶ ነው፤ ስጮህ ስጮህ አንገቱ ብቻ ቀርቶ፣ ኋላ እሱም ጠፋ። ባሌ ማታ ሲመጣ በጅራፉ እጀታ መታኝ። ጀርባዬን መታኝ፣ እጄን መታኝ። አማቴ ከምድጃው ማዶ ተቀምጠው ጓያ ይለቅሙ ነበር። ቀና አላሉም። ዱላው ሲያልቅም ጓያው አላለቀም ነበር። ባሌን በዓመቱ ረሳሁት፣ ፊቱንም በቅጡ አላስታውሰው፤ እነዚያን ጓያ የሚለቅሙ ጣቶች ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁም።

በማግሥቱ ገና ጎሕ ሲቀድ ቀሚሴን ለበስሁ፣ ኮንጎ ጫማዬን አደረግሁ፣ ወጣሁ። አባቴ ደጁን እንደማይከፍትልኝ አውቃለሁ። ግን ጀርባዬን አሳየዋለሁ፣ ሲያየው ልቡ ይራራል ብዬ ተስፋ አደረግሁ። ሽማግሌ ከመሰብሰቡ በፊት፣ ሰው ከመስማቱ በፊት ልደርስ ነው የፈለግሁት። የቀን ሙሉ መንገድ ነው። ከመንደሩ ወጥቼ የጓያውን ማሳ እንደ ጨረስሁ ዘወር ብዬ ባይ አንዲት ረጅም ሴት፣ ነጭ ኩታ ለብሳ፣ በትር ይዛ፣ እግሯን እየጎተተች ከኋላዬ ትመጣለች። ይመኙሻል ናቸው። ድንጋይ ቢወረወር በማይደርስበት ርቀት ላይ ናቸው፤ ስፈጥን አይቀሩም፣ ስቆም አይደርሱብኝም። ወዲያው ገባኝ። አባቴ ዘንድ ሄደው፣ ኮብልላ መጣች፣ መልሱልኝ ሊሉ ነው። ምስክር ናቸው። ዱላው ሲወርድ ቀና ያላሉ ሴትዮ አሁን ደግሞ ደጁን ሊያዘጉብኝ ነው።

ቀድሜያቸው ለመድረስ ቆርጬ መራመድ ጀመርሁ። ሰማዩ ዝቅ ብሎ ከሜዳው ጋር ተጣብቆ ነበር። የምረግጠው ሁሉ ጭቅ ጭቅ ይላል፤ ከቄጠማው ሥር ትንኝ እንደ ጭስ ይነሣል፤ ዝዮቹ፣ የውሃ ወፎቹ ሳይቀሩ ይሰድቡኝ ይመስል ጮኹብኝ። ከብት የነጎደበት መንገድ አንድ ቦታ ላይ ለሁለት ሲከፈል ከኋላዬ ድምፅ መጣ። «ግራሽን።» አንድ ቃል ብቻ። እልህ ያዘኝ፣ ወደ ቀኝ ሄድሁ። አሥር እርምጃ አልሄድሁም፣ መሬቱ ከሥሬ ተከፈተና እስከ ወገቤ ገባሁ። ጥጃው ትዝ አለኝ። ጮኽሁ። እሳቸው አልሮጡም፤ እየጎተቱ መጡና ከዳር ቆመው መቀነታቸውን ፈቱ። ያን ጊዜ መቀነት ስምንት ክንድ ነው፣ ሆድ ላይ ደጋግሞ ይዞራል። ጫፉን ወረወሩልኝ፣ ሌላውን ጫፍ በበትራቸው ላይ ጠምጥመው ወደ ኋላቸው ተንጋለሉ። በደረቴ እየተሳብሁ ወጣሁ። አንደኛው ጫማዬ እዚያው ቀረ። መሬት እንደ ያዝሁ የመጀመሪያው ቃሌ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ተመለሺ» የሚል ነበር። ሁለት ዓመት እርስዎ ስላቸው ኖሬ፣ በዚያ ቀን አንቺ አልኋቸው።

«ጨርሰሽ ውጪና ትሰድቢኛለሽ፤ እግርሽ ገና ውስጥ ነው» አሉኝ።

ከዚያ የመቀነታቸውን ጭቃ በሣሩ ላይ ጠርገው ታጠቁና ቆሙ። እኔም ቆምሁ። መንገዱን የሚያውቁት እሳቸው ናቸው፣ ይቅደሙ ብዬ ነው። «ቅደሚ» አሉኝ። «አንቺ ቅደሚ፤ አንቺ አይደለሽ የምታውቂው» አልኋቸው። በትራቸውን ወደ ፊት አመልክተው፣ «ቅደሚ ብያለሁ» አሉ። ፊታቸው ላይ ቁጣም ርኅራኄም አልነበረም። እንደ በግ ከፊት ሊነዱኝ ነው ብዬ የባሰ ተናደድሁ። ቀደምሁ። ከዚያ በኋላ ግራሽን ሲሉ ግራ፣ ቀኝሽን ሲሉ ቀኝ ሄድሁ፤ ፈርቼ ነው እንጂ አምኛቸው አይደለም። እስከ እኩለ ቀን በዚያ ሜዳ ላይ ከነዚህ ሁለት ቃላት በቀር ከአፋቸው ምንም አልወጣም። ፀሐይዋ ጭቃውን ከቀሚሴ ላይ አደረቀችው፤ ስራመድ እየተሰነጠቀ ሥጋዬን ይቆርጠኝ ነበር። አንድ እግሬ ጫማ አለው፣ አንዱ የለውም። ጫማውን አውልቄ መሄድ ይሻለኝ ነበር፣ ግን ባዶ እግሬን ሐሙሲት መግባት ሞት መሰለኝ፤ በአንድ ጫማ መግባት የማያሳፍር ይመስል።

ጉማራ ላይ ስንደርስ አንድ ሰው ደንገል ታንኳውን ዳር አስጠግቶ መረቡን ያራግፍ ነበር። ታንኳዋ ትንሽ ናት፣ ከቀዛፊው ሌላ አንድ ሰው፣ ቢጠጋጉ ሁለት ትይዛለች። ለአንድ ሰው አሥር ሳንቲም ነው። ወጣሁና ተቀመጥሁ። ሰውዬው ወደ ኋላዬ አሻግሮ፣ እግራቸውን እየጎተቱ የሚመጡትን አየና፣ «አብራችሁ ናችሁ?» አለኝ።

«አላውቃትም» አልሁ።

«ታዲያ መጥቼ ላሻግራት?»

«ተዋት። እብድ ናት። ከጧት ጀምሮ ትከተለኛለች።»

ከአፌ እንዴት እንደ ወጣ አላውቅም አልልም። አውቃለሁ። አስቤ ነው ያልሁት። ሰውዬው ትከሻውን ነቀነቀና ቀዘፈ። ማዶ አደረሰኝ፣ ከዚያ ወደ ሌላው መረቡ ወደ ታች ወረደ። አማቴ ዳር ቆመው ጥቂት ተመለከቱ፤ አልተጣሩም፣ በእጃቸውም አልጠቆሙም። ኩታቸውን ራሳቸው ላይ ጠመጠሙና ገቡ። ያ ቦታ ጉማሬ የሚውልበት ነው፣ ስሙን ያገኘውም በከንቱ አይደለም ይላሉ። ውሃው ወገባቸው፣ ከዚያ ደረታቸው፣ ከዚያ አንገታቸው ደረሰ። በትራቸው ከፊታቸው እየቀደመ ሥሩን ይዳስሳል። እኔ ከዚህኛው ዳር ቆሜ አየሁ። መሮጥ እችል ነበር፣ ቀድሜያቸው እደርስ ነበር፣ ግን አልሮጥሁም። ውሃው ይውሰዳት ብዬ ተመኘሁ። በዚያች ሰዓት ልቤ ውስጥ የነበረው ይኸው ነው፣ ዛሬ ላሳምረው አልችልም። ውሃው አልወሰዳቸውም። ወጡ፣ ኩታቸውን ጨመቁ፣ ትንፋሻቸው እስኪመለስ በትራቸው ላይ ተደገፉ። ከዚያ አዩኝና፣ «ቀኝሽን» አሉ።

ሐሙሲት ስንገባ ፀሐይዋ ልታዘቀዝቅ ነበር። ያ ሁሉ እንዳይበቃኝ ቀኑ ሐሙስ ነው፣ ገበያው ገና አልተበተነም። የጎንደሩ አውቶቡስ ቆሞ ነበር፣ ረዳቱ «ባሕር ዳር፣ ባሕር ዳር» ይላል፣ ሬዲዮው ከሻይ ቤቱ ይዘፍናል። እኔ በአንድ ጫማ፣ ሰማያዊዋ ቀሚሴ ጥቁር ሆና፣ በዚያ ሁሉ ሰው መካከል አለፍሁ። ሰው ንግግሩን እያቆመ ያየኛል። አባቴ ከስፌት መኪናው ላይ ቀና አለ። እግሩን ከመርገጫው አላነሣም። ተራ በተራ ቀሚሴን፣ እግሬን፣ ፊቴን አየ።

«ከማን ጋር መጣሽ?» አለኝ። እንዴት ነሽ አላለኝም፣ ምን ሆነሽ አላለኝም።

ጀርባዬን አሳየዋለሁ ብዬ ያሰብሁት ሁሉ ጠፋብኝ። ያን ጊዜ ከኋላዬ፣ «ከኔ ጋር» የሚል ድምፅ መጣ።

አባቴ ይመኙሻልን ሲያይ ብድግ አለ። ቀሚሳቸው ገና አልደረቀም ነበር፣ የወንዙም ደለል እስከ አንገታቸው ደርቆባቸዋል። «ምነው ወይዘሮ፣ ውሃ ውስጥ ገቡ እንዴ?» አላቸው።

«ታንኳው ጠበበን። ልጅቱን አስቀደምሁ» አሉት።

ዓይኔን ወደ መሬት ጣልሁ። እሳቸው ግን ወደ እኔ አላዩም። ወደ በረንዳው አልወጡም፤ ከደጅ ቆመው፣ የሻይ ቤቱ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ለአባቴ እንዲህ አሉት፦ «አንጓችን ከእጅዎ ተቀብያት ነበር። ይኸው በእጄ መለስኋት። ኮብልላ አይደለም፣ ሸኝቻት ነው። ልጄ መትቷታል። እኔ ተቀምጬ ሳለሁ ነው የመታት። ጥፋቱ የኛ ቤት ነው። ለምን መጣች የሚል ሰው ቢኖር እኔን ይጠይቅ።»

ሕጉ እንዲህ መሆኑን እስከዚያች ቀን አላውቅም ነበር። ኮብላይ መመለሷን እንጂ ተሸኝታ የመጣች ሴት መኖሯን ማንም አልነገረኝም። ኋላ አክስቴ ናት ያስረዳችኝ፤ ከፊት የሚሄድ ሰው እየወሰደሽ ነው፣ ከኋላ የሚከተልሽ ግን እየሸኘሽ ነው አለችኝ። አማቴ ቅደሚ ያሉኝ ለዚህ ነበር። ሸኚ ካለ ጥፋቱ የሚዞረው ወደ ባል ቤት ነው፤ ሴቲቱ ትገባለች፣ እኅቶቿም ያገባሉ። አላውቃትም ብዬ ለባለ ታንኳው ስናገር ሸኚዬን ነበር የካድሁት። እሳቸው ደግሞ ክህደቴን ሰምተው ይሆናል፣ ውሃ ድምፅ ይወስዳል።

አባቴ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው። «ይግቡ፣ ልብስዎ ይድረቅ፣ እህል ይቅመሱ» አላቸው። «ሸኚ ከደጅ ነው የሚመለስ» አሉ። ገበያው ዳር ዘመድ ነበራቸው፣ እዚያ ሊያድሩ ነው። ልሳለማቸው ጠጋ ስል በትራቸውን ወደ ሌላው እጃቸው አዛወሩና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እኔ እንኳ አንቺን አልወድሽም፣ አንጓች» አሉኝ። «ግን ተበድለሻል።» ከዚያ እግራቸውን እየጎተቱ በአውቶቡሱ ኋላ አለፉ። ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም። በሁለተኛው ዓመት ክረምት ሲሞቱ ልቅሶ አልሄድሁም። ውሃው ሞልቷል አልሁ። እውነትም ሞልቶ ነበር፣ ግን ቢጎድልም አልሄድም ነበር።

እኅቶቼ አገቡ። እኔም ባሕር ዳር ሌላ ሰው አገባሁ፣ ወለድሁ፣ ያንንም ቀበርሁት። አሁን ከልጄ ጋር ነው የምኖር። ትዕግሥትን ከወረታ በታች፣ ከሜዳው ነው ያመጣት። ትሑት ልጅ ናት፣ እኔ ግን አልወደድኋትም። የምትሠራው ወጥ ውሃ ይበዛዋል፣ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች፣ ይህን የመሰለ ሰበብ ነበረኝ። አንድ ምሽት ልጄ መታት። ስለ ምን እንደ ሆነ ዛሬ አልናገርም፤ ስለ ምንም ቢሆን ለውጥ የለውም። እኔ ሳሎን ተቀምጬ ምስር እለቅም ነበር። ቀና አላልሁም።

በማግሥቱ ጧት ልብሷን በፌስታል ቋጥራ ወጣች። ያ ሳምንት በግጭቱ ምክንያት መኪና የቆመበት፣ አስፋልቱም የሚያስፈራበት ሳምንት ነበር። ሰው ወደ ሐሙሲትና ወደ ወረታ የሚሄደው በእግሩ ነው፣ ከመንገዱ ወርዶ፣ በሜዳው። ትዕግሥት በሩ ላይ ቆመች። ፌስታሏን ከአንድ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች፣ ጫማዋን አጠበቀች፣ እንደገና ፈታች፣ እንደገና አጠበቀች። ሐሙሲት ተወልጄ እንዳደግሁ፣ ሜዳውን እንደማውቀው ታውቃለች። የምትጠብቀው ምን እንደ ሆነ ገብቶኛል። ከኔ በላይ ማን ሊገባው ይችላል? መነሣት ብቻ ነበር። ሸኝቻት ነው የምትል አንዲት አሮጊት ከኋላዋ መኖር ብቻ። እኔ ግን ልጄ ምን ይላል ብዬ አሰብሁ፣ ሰው ልጁን አሳልፎ ይሰጣል ወይ ብዬ አሰብሁ። ምስሩን ወደ ጎን አደረግሁና ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርሁ። በሩ ሲዘጋ ሰማሁ።

ሁለት ቀን ሄዳለች። ከአባቷ ደጅ ስትደርስ ሽማግሌዎቹ፣ ማን ሸኘሽ ብለው ጠየቋት አሉ። ማንም አልሸኘኝም አለች። ይህ ሁሉ ወግ ቀርቷል ይላል የከተማ ሰው፤ እዚያ አልቀረም። ከደጅ መለሷት። ወደ ባሕር ዳር ተመልሳ ገባች፣ ወደኛ ቤት ግን አይደለም።

እንግዲህ ባለፈው ቅዳሜ መንገዱን እርስዎ ያውቁት ነበር፣ አይደል ብላ ስትጠይቀኝ ስለ ይመኙሻል ልነግራት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ስለ ጉማራ፣ አንገታቸው ድረስ ስለ ደረሰው ውሃ፣ አንድ ጉልበት ይዘው ያን ሁሉ ሜዳ እንዴት እንዳቋረጡት። ገበያተኛው ከኋላዬ ይገፋኛል። ትዕግሥት እጇን ሚዛኑ ላይ አድርጋ ትጠብቀኛለች።

«ጉልበቴን ያመኛል» አልኋት።

ቲማቲሙን መዘነች፣ በፌስታል አድርጋ ሰጠችኝ። ምርቃት አልጨመረችም፣ እኔም አልጠየቅሁም።